ጋሽ ባፈና የመሰከሩበት ሸክላ

ጋሽ ባፈና ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ሠላሳ ምናምን ዓመታቸው ነው። አሁን ሬዲዮ የሚያሠራ ስለጠፋ የሶላር መብራትና ትንንሽ ስፒከር ነው የሚፈቱት። የኔ የስልክ ከቨር መሸጫ ከሳቸው ሱቅ ጎን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ድምፃቸው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ድምፃቸውን ማስመሰል ለኔ ቀላል ነው፤ በሳቸው ድምፅ ተጣርቼ ሚስታቸውን ሁለቴ አታልያለሁ።

በቤተክርስቲያን የሚታወቁት ግን በጥገና አይደለም፣ በምስክርነት ነው። በየዓመቱ ኮንፈረንስ ላይ «ወንድም ባፈና ይመስክር» ይባላል። ይነሳሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«እኔ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ጊታር እመታ ነበር። በስድሳ ስምንት ሸክላ አስቀረፅኩ። ጃዝ! ያ ሸክላ የሰይጣን ነበር። ክሩን ስነካው ሰው ራሱን ይስታል፣ ብርጭቆ ይሰባበራል!»

ሕዝቡ «ሃሌሉያ!» ይላል። እውነቱን ለመናገር ብርጭቆው በየዓመቱ ይጨምር ነበር። አንዱ ዓመት ላይ መስኮትም ተሰብሯል። ከዱራሜ ድረስ መጥተው ይቺን ለመስማት ብለው በጠዋት የፊት ወንበር የሚይዙ አሉ።

ሸክላውን ግን የሰማው ሰው የለም። ሚስታቸው እትዬ ጵርስቅላ እንኳን አልሰሙትም። የተጋቡት ጋሽ ባፈና ጌታን ካገኙና ጊታሩን ከሸጡ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ታዴዎስ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። እጁ ላይ አነስ ያለች ሻንጣ ይዟል።

«ጊታሪስቱ ባፈና እዚህ ናቸው?»

«ጠጋኙ ባፈና ነኝ» አሉ ቀና ሳይሉ።

ልጁ እጃቸውን ከነመበየጃው ሊስም ምንም አልቀረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የውጭ ድርጅት ያንን የድሮ ሸክላ እንደ አዲስ ሊያሳትመው ነው። የሙከራ ቅጂው ሻንጣ ውስጥ አለ። የቀረው የሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

«እኔ እኮ ይሄን ነገር በሕዝብ ፊት ክጄዋለሁ» አሉ ጋሽ ባፈና። «የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ሳይሰሙት አልፈርምም።»

«ካልፈረሙ አይታተምም፣ ጋሼ። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናቸው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም አሳምነው አሉ፣ የመዘምራን መሪው ማቴዎስ አለ። እኔም ማንም ሳይጠራኝ ስፒከር ተሸክሜ ገባሁ። ታዴዎስ ሻንጣዋን ሲከፍታት ለካ ሸክላ ማጫወቻ ናት። ወንድም አሳምነው መጀመሪያ ረጅም ጸሎት አደረጉ። እትዬ ጵርስቅላ ደግሞ ብድግ አሉና ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች ሰብስበው ጓዳ አስገቡ።

መርፌው ተቀመጠ። ትንሽ ተንሿሿ። ከዛ ጊታሩ መጣ። ቀስ ያለ፣ ሰው ጓሮ ሆኖ ለራሱ የሚያንጎራጉር የሚመስል። ሁላችንም ጠበቅን። ራሱን የሳተ የለም። ማቴዎስ ብቻ ማዛጋቱን በእጁ ሸፈነ።

ወንድም አሳምነው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድም ባፈና፣ ታዲያ ሰይጣኑ የታለ?»

«ምናልባት በጀርባው በኩል ይሆናል» አለ ማቴዎስ።

ገለበጡት። እዛም የለም። ሦስተኛው ዜማ ላይ ሲደርስ ግን የእትዬ ጵርስቅላ እጅ ጉልበታቸው ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች መሄድ ጀመረ፣ ልክ ከጊታሩ ምት ጋር።

«ይሄማ የእንሰት ነው!» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። «የሞርሲቶ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚሉት ነው። የሮዳስ አባት፣ ከየት አመጣኸው?»

ጋሽ ባፈና ወለሉን አዩ። «ከእናቴ። ጓሮ ስትፍቅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ የጨመርኩበት ትንሽ ጃዝ ነው።»

«ብርጭቆውስ?» አሉ ወንድም አሳምነው።

«አንድ ሰካራም ገፍቶ የጣለው ነው። አንድ ብርጭቆ። እኔ እረፍት ላይ ነበርኩ።»

በሌላ ቀን ቢሆን መሬት ላይ እንከባለል ነበር። ግን ፊታቸውን ሳይ አልሳቅኩም። ወንድም አሳምነውም አልሳቁም።

«ሸክላው ላይ ጥፋት አላየሁም» አሉ። «ምስክርነቱ ላይ ግን አይቻለሁ። እኔ ራሴ ጌታን ለመቀበል እጄን ያነሳሁት አንተ ይሄን በተናገርክበት ቀን ነው፣ ባፈና። ከፈረምክ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ወይ ነገ ተነስተህ እውነቱን ተናገር፣ ወይ ሸክላውን ተወውና ምስክርነቱ እንደነበረ ይቀመጥ። ምርጫው ያንተ ነው።»

እሁድ ጋሽ ባፈና ማይኩን ያዙ። ጉሮሯቸውን አልጠረጉም።

«ያ ሸክላ የሰይጣን ነው ብያችሁ ነበር። ሰይጣን አልነበረበትም። እናቴ ናት የነበረችበት። እሷ እንሰት ፍቃ አሳደገችኝ፣ እኔ ደግሞ ሃሌሉያ እንድትሉልኝ ብዬ አርባ ዓመት ሙሉ ሰይጣን አልኳት። ጌታ ያዳነኝ እውነት ነው፤ ያዳነኝ ግን ከመጠጥ ነው፣ ከእሷ አይደለም። ይቅር በሉኝ።»

ሃሌሉያ ያለ የለም። አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ። የፊት ወንበር ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌዎቹ ያኑ ቀን ለሦስት ወር ከአገልግሎት አገዷቸው፤ የኮንፈረንሱም ምስክርነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሽ ባፈና ሄደው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ጵርስቅላ ከመዘምራኑ መሃል ወጡና፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አጠገባቸው ሄደው ቁጭ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ታዴዎስ ወረቀቱን ሱቅ ድረስ አመጣው። ጋሽ ባፈና መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። የዜማ ደራሲ በሚለው ሥር በየመስመሩ የሳቸው ስም ነው ያለው። ሦስተኛው ዜማ ላይ ሲደርሱ ስማቸውን ሰረዙና የእናታቸውን ስም «አማረች» ብለው ጻፉ።

«ሙሉ ስም ይፈልጋሉ፣ ጋሼ።»

የአባቷንም ስም ጨመሩ።

«ስለ ደራሲዎቹም አጭር ነገር ሽፋኑ ላይ ይወጣል። እሳቸውን ማን ብዬ ልጻፋቸው? ሙዚቀኛ?»

«ሙዚቀኛ ካልካት በሕይወት ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር» አሉ ጋሽ ባፈና። «የሞርሲቶ እንሰት ፋቂ በላት።»

ታዴዎስ ጻፈ። ጋሽ ባፈና ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ አዩት፣ ከዛ ፈረሙ።