ጋሽ ተክሌና የመዳቡ ቧንቧ

ዛሬ ጠዋት የጋሽ ተክሌ ልጅ ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ፣ «የማን አባት?» ብዬ ጠየቅኋት። አእምሮዬ እሺ አላለም። ባለፈው እሑድ ቁስቋም ቤታቸው ተቀምጠው ሲቀልዱብኝ ነበር።

ብዙዎቻችሁ ጋሽ ተክሌን አታውቋቸውም። በደርግ ዘመን ጉለሌ በነበረ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለምርመራ የምንጠቀምበትን ውሃ የሚያጣሩልን እርሳቸው ነበሩ። እኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ጀማሪ ነበርኩ። በየጠዋቱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው «ይኸው የኔ ልጅ፣ እንባ የመሰለ!» እያሉ ያስረክቡኝ ነበር።

ሥራዬ የመዳብ ውሁዶች፣ በሰውነታችን እንዳለው ተከላካይ ኢንዛይም፣ ጎጂውን የኦክስጅን ዓይነት ማክሸፍ ይችሉ እንደሆነ መለካት ነበር። ቢጫ ፈሳሽ መብራት ሥር ይቀመጣል፤ ጎጂው ኦክስጅን ሲፈጠር ሰማያዊ ይሆናል። ውሁዱ ከሠራ ግን ሰማያዊው አይመጣም። ለማነጻጸሪያ ውሁድ የሌለበት ቱቦ አብሮ ይቀመጣል፤ እርሱ የግድ ሰማያዊ መሆን አለበት።

የሞከርኳቸው ውሁዶች ሁሉ ሠሩ። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ወሬውን ለበላዮቹ አስተላለፈ፤ በአብዮት በዓል እንዲነገርም ተወሰነ።

በሳምንቱ ማነጻጸሪያውም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ምንም ያልጨመርኩበት ቱቦ!

ወደ ማጣሪያው ሮጥኩ። የመስታወት ቧንቧው ተሰብሮ፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ስለጠፋ፣ ጋሽ ተክሌ በመዳብ ተክተውት ነበር። ለዚህም በስብሰባ ተጨብጭቦላቸው ነበር። ለካ መዳቡ በጥቂቱ ወደ ውሃው እየገባ ሰማያዊውን ያስቀር ነበር። የእኔም ጥፋት ነበረበት፦ ማነጻጸሪያውን ቧንቧው ሳይቀየር ተጣርቶ በተረፈ ውሃ፣ ውሁዶቹን በአዲሱ ስሠራ ቆይቻለሁ። የድሮው እስኪያልቅ ስህተቱ ተደበቀ።

ሁሉንም ለጋሽ ተክሌ ነገርኳቸው። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚባለው ቃል ሰውን ከቤቱ ያስወስድ ነበር።

«ምክንያቱ አልታወቀም ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?»

«ታውቆ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ውጤቱ በቧንቧው ምክንያት መበላሸቱ በስብሰባ ሲነገር ካድሬው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ማነው ይህን አሻጥር የሠራው?»

ጋሽ ተክሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። «ቧንቧው የኔ ነው፣ ጓድ።»

«አሻጥር መሆኑን ታምናለህ?»

«አሻጥር ቢሆንማ እንዲህ አሳምሬ እበይደው ነበር?»

ማንም አልሳቀም። ስለ ሁለቱ ውሃ ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ተቆጡኝ። ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ወሰዷቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለቤታቸው ስንቅ እያደረሱ፣ ሳህኑ ተበልቶበት ሲመለስ «አለ» ይሉን ነበር።

የተፈቱ ዕለት ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ፣ ቤታቸውን እንኳ ሳያዩ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆሙ።

«ሰማያዊው መጣ?»

ከሌላ ላቦራቶሪ በተዋስነው ውሃ እንደመጣ፣ ከውሁዶቹም የሠሩት ሁለት ብቻ እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«ሁለት ምን አነሰው?» አሉ።

ጋሼ፣ የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነበር። «እኔ ኖሬያለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» ብለው ቃል አስገቡኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጠበቅሁት። ለእርስዎ ታማኝ ስሆን ለእውነቱ ሳልታመን ኖርኩ። ነገ ከቀብሩ በፊት፣ ቧንቧው ብቻ ጥፋተኛ ነበር ብለው ያደጉት ልጆችዎ ፊት ቆሜ የድርሻዬን እናገራለሁ። ቃሌን በማፍረሴ ይቅር ይበሉኝ። ይሂዱ ጋሼ፤ ሸክሜን ለእኔ ይተዉልኝ።