ከወንድሜ ፎቶ ፊት የቆመው ውሃ

እናቴ ያን ቀን አውቃ ነበር? ስንት ጊዜ አገላብጬ አስቤዋለሁ።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ወንድሜ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲሻገር በረሃ ላይ ውሃ ጥም ገደለው። ይህን አብሮት የነበረ ሰው ለእኔና ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ብቻ ነገረን። እናቴ አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ያለችው ክላርክስተን ከእኔ ጋር ነበረች፤ የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈ ገና ሳምንቱ ነው። ሐኪሙ እንዳታጎነብስ፣ ዓይኗን እንዳታሽ፣ እንዳታለቅስ አስጠንቅቆናል። ሽማግሌዎቹም ዓይኗ ሳይድን መርዶ እንዳይነገራት ወሰኑ። አንደኛው ሲወጡ ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ ፊትሽን ጠብቂ” አሉኝ።

ጠበቅሁ። ቀን ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ ሲመሽ ዘግይቼ የጀመርኩት ትምህርት አለ፤ በመሃል እናቴን አስተኝቼ ጠብታዋን እጨምራለሁ። ያኔ ፊቴ ከፊቷ በላይ ነው። ትንፋሼን እይዛለሁ። ሁልጊዜ የልጇን ወሬ ትጠይቀኛለች፤ ሁልጊዜ የለም እላታለሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው ትልና ዓይኗን ትከፍትልኛለች።

ከታች የምትኖረው ጎረቤታችን ሜክሲኳዊት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው። ከእናቴ ጋር በምልክት ይግባባሉ፤ ምኑ እንደሚያስቃቸው ባይገባኝም ይሳሳቃሉ። ጥቅምት መገባደጃ ላይ የሰጠኋትን ቀሚስ ልወስድ ስገባ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፍታ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች። የባሏ ፎቶ፣ ሻማዎች፣ ብርቱካንማ አበባ፣ ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሙታን በዓመት አንድ ጊዜ ቤታቸውን ሊጎበኙ ይመጣሉ አለችኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ውሃው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ከመንገድ ተጠምተው ስለሚደርሱ ነው አለች።

የእኛ ወግ ሌላ ነው። ግን መርዶው ስላልተነገረ ለወንድሜ ፍትሐትም ተዝካርም አልነበረም። ቦርሳዬን ከፍቼ ጉርድ ፎቶውን አወጣሁ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ተቀብላ ከባሏ ጎን አቆመችው። እናቴ ዓይኗ ታሽጎ ደረጃ አትወርድም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቤት ውስጥ የለችም። የዓይኗ መሸፈኛ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ደረጃውን በሩጫ ወረድሁ። የጎረቤታችን በር ክፍት ነው፤ እናቴ ጠረጴዛው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ያቺም እጇን ይዛታለች። ወንድሜ ከሻማዎቹ መሃል ያየናል።

“ፎቶውን አንቺ ነሽ የሰጠሻት?”

“አዎ፣ እማዬ። ቤተሰባችሁን አሳዪኝ ብላኝ ነው።”

“ደግ አደረግሽ።”

ተነሣች። ከጎረቤታችን ባል ፎቶ ፊት የነበረውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ስባ፣ ልጇ ፊት አቆመችው። ጎረቤታችን ለባሏ ሌላ ብርጭቆ ሞልታ አመጣች። እናቴ አላለቀሰችም። የጠብታዋ ሰዓት እንዳያልፍ ብላኝ ወደ በሩ ሄደች።

ስለ ውሃ ጥሙ የነገራት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የልጇን ወሬ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ይህ ከጥያቄዋ ይልቅ ከበደኝ። ጠብታውን ስጨምርላት አሁን ትንፋሿን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ዓይኗ እየዳነ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ማለዳ ተቀጣጠሩ። ደንቡ ይታወቃል፤ መርዶ በጠዋት፣ በሰው መሃል ነው የሚነገረው፤ ልጅ ለእናቷ አታረዳም። ዓርብ ዕለት ሐኪሙ ድነሻል ብሎ ሸኘን። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ባስ ስንጠብቅ፣ እናቴ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ የሚያልፈውን መኪና ታያለች። እሑድን መጠበቅ አቃተኝ።

“እማዬ፣ ወንድሜ አርፏል።”

መነጽሯን አወለቀችና አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

“ሐኪሙ ዓይኔ ድኗል ብሏል አይደል?”

“ብሏል፣ እማዬ።”

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ባሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ሾፌሩ ጥቂት ጠበቀን፤ ከዚያ ዘግቶ ሄደ።