የኋላው መቀመጫ

ደምለው ደብረ ማርቆስ ላይ ሞተር ብስክሌት መሸጥ ከጀመረ ወዲህ እንደዚህ ሰውዬ አንጀቱን ያሳረረው ገዢ የለም። ሰውዬው በየገበያው ቀን ጭቃ የያዘ ጫማውን ደጃፉ ላይ ጠርጎ ይገባል። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ ያደርግና ሁለቱን ሞተሮች፣ ቀዩንና ጥቁሩን፣ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ይዞራቸዋል፤ ጎናቸውን መታ መታ ያደርጋል፤ ከኋላቸው ቆሞ አንገቱን ዘመም አድርጎ ያያቸዋል።

«ቀዩ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ጥቁሩ ዳገት አይፈራም» ይለዋል ደምለው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

ሰውዬው ጆሮውን እንኳ አይሰጠውም። የኋላውን መቀመጫ በመዳፉ ይጫናል። «የማያንገጫግጨው የቱ ነው?»

«የሚያንገጫግጨውማ መንገዱ ነው!»

ዛሬ የደምለው ትዕግሥት አለቀ። «ይስሙኝ ጌታዬ፣ ይህ በቅሎ አይደለም! ወይ ይግዙ፣ ወይ ይተዉኝ!»

ሰውዬው አልተቆጣም። ቀዩ ላይ ወጣና «እስቲ ከኋላዬ ይቀመጡልኝ» አለ።

ደምለው እያጉረመረመ ቦርጩን ይዞ ተፈናጠጠ። ሰውዬው ከጉያው የሴት መቀነት አወጣ፤ ከመታጠብ ብዛት ጥለቱ የደበዘዘ። እንዲጠነክር እጥፍ አደረገውና በደምለው ጀርባ አዙሮ ወደ ራሱ ሆድ ሳበው። ጫፍና ጫፉ አልተገናኘም።

«አዩ? አልደረሰም!» አለ ደምለው በብስጭት።

ሰውዬው የጎደለውን በስንዝሩ ለካ፤ መቀነቱንም ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«ለእርስዎ ነው ያልደረሰው» አለ። «ባለቤቴስ ከታመመች ወዲህ ከስታለች፤ ይበቃታል።»