በአጋዘን ጋሪ የሄድኩ ዕለት

በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት የሚጎትተው ጋሪ ላይ ተጭኜ አደን ሄድኩ ብል ታምኑኛላችሁ? እኔም ብሆን አላምንም። ሲያትል የመጣሁት የልጅ ልጅ ላሳድግ እንጂ አጋዘን ላባርር አልነበረም። ግን ምን ያደርጋል፣ አፌ ነው ያስገባኝ። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል እግሬ ቀድሞ አይነግረኝም ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ዝናብ መቼ ሄዶ ያውቃል!

ነገሩ የሆነው በእነሱ አቆጣጠር በሁለት ሺህ አስራ ሰባት፣ ወሩ ጥቅምት ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ስለወደቅኩ አይደለም። ሰው ሲወድቅ ነው የኖረው። ያልወጣው ወድቄ ሳለሁ በሰማሁት ነገር ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እያወራሁላት የምትጽፈው ልጄ ሰናይት ናት። ባሏን የሚነካ ነገር ስናገር እስክሪብቶውን ቁጭ ታደርግብኛለች። የጎደለ ነገር ካለ ከእሷ ጠይቁ።

ባሏ ዳዊት ይባላል። ሲያትል አጠገብ ሬንተን በምትባል ከተማ፣ አውሮፕላን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ዝምተኛ ነው። ጠዋት "እንደምን አደሩ እትዬ ወርቄ" ካለ ለቀኑ በቃው። እኔ ደግሞ ወሬ የሌለበት ቤት ያፍነኛል። ሲያገባት "ይሄ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን በምን እናውቃለን?" ብያታለሁ። ይኸው፣ እስክሪብቶው ቁጭ አለ።

ይሄ ዝምተኛ እንግዲህ ከአንድ ፈረንጅ ባልደረባው አደን ለመደ። ሰውዬው ከተራራው ባሻገር የራሱ ጫካ አለው። መኪና የሚሄደው እስከ በሩ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ድሮ እንጨት ያወርዱበት የነበረ፣ ድንጋይና የዛፍ ሥር የሞላው ገደላገደል ነው። ስለዚህ ዳዊት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛ። ጎማው ወፍራም ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ድምፅ የለውም፤ አጋዘኑ ሳይሰማ ዳገቱን ይወጣል። ከኋላው ደግሞ ግዳይ የሚጫንበት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ይቀጠልበታል። ሳሎናችን ውስጥ ነው ቻርጅ የሚያደርገው። ቴሌቪዥን እያየ መሃል ላይ ዞር እያለ ያየዋል፣ እንደ ሕፃን ልጅ።

ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ዓመት አንድ አጋዘን ገድሎ መጣ። ፊቱ በርቷል። ስጋውን ጠረጴዛ ላይ ደረደረው።

"ማን ባረከው?" አልኩት።

"በጥይት እኮ ነው፣ እትዬ ወርቄ።"

"ይሁን በጥይት። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ፣ በስመ አብ ብለህ በቢላ አርደኸዋል?"

ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው በክት ነው። እኔ አልበላም።"

እኔ አልበላም ካልኩ ሰናይትም አትበላም። ስጋው እንዳለ ተመልሶ ለፈረንጁ ሄደ። ዳዊት ምንም አላለም። ዓመቱን ሙሉ ምንም አላለም። ብቻ እራት ሲቀርብ ቀና ብሎ አያየኝም። ያ ቤት ድሮም ዝም ያለ ነበር፣ የባሰ ዝም አለ።

በዓመቱ የአደን ወቅት ደረሰ። ቅዳሜ ማለዳ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ሲያስር በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁት። ምላሴ መች ያርፋል!

"ዘንድሮም በክት ልታመጣልን ነው?"

"እማዬ!" አለች ሰናይት ከውስጥ።

ዳዊት ገመዱን አጥብቆ ጨረሰና ዞረ። "እንግዲያው ራስዎ መጥተው ይዩ" አለኝ። "ደርሼ ካላረድኩት አይበሉም። ካረድኩት ግን ይበላሉ።"

በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንቢ ማለት አፈርኩ። ደግሞ ለነገሩ፣ ምን እንደሚመስል ማየትም ፈልጌ ነበር። ቢላዬን ስዬ በፎጣ ጠቀለልኩና፣ ዳቦ ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ጫካው በር ላይ ፓርክ አደረገ። ብርቱካንማ ሰደርያ አውጥቶ አለበሰኝ፤ ሌላ አዳኝ አጋዘን መስዬው እንዳይተኩስብኝ ነው። ከነጠላዬ በላይ ስለብሰው መንገድ የሚጠግኑትን ሰዎች መሰልኩ። በእግሬ ልሄድ ነበር ሐሳቤ፤ ዳገቱን ሳየው ሐሳቤን ተውኩት።

"ጋሪው ላይ ይቀመጡ" አለ። ብርድ ልብስም አነጠፈልኝ።

"ይሄ የሬሳው መጫኛ አይደለም እንዴ?"

"አጥቤዋለሁ።"

ብስክሌቱ ግን ጉድ ነው! እኔን የምታክል ሴትዮ ጎትቶ ያን ዳገት እንደ ሜዳ ወጣው። ዳዊት እግሩን ለይስሙላ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እኔ ከኋላ የጋሪውን ጠርዝ ይዤ፣ በየድንጋዩ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። "ቀስ በል፣ እንቁላል ጭነሃል!" ስለው ትከሻው ተነቃነቀ። ለካ ይስቃል ይሄ ሰው።

ላይ ደርሰን ዛፍ ተጠግተን ተቀመጥን። ዝም ብላችሁ ጠብቁ ነው አደን ማለት። እሱ ተፈጥሮው ነው፤ እኔ ግን ወሬ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመና ልፈነዳ ደረስኩ። ኋላ ከታች በኩል አንድ ቀንዳም አጋዘን ብቅ አለ። ዳዊት ጠመንጃውን አነጣጠረ። እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ። ተኮሰ።

አጋዘኑ ወደቀ፤ ተነሳ፤ እያነከሰ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወረደ።

"ነፍስ አለው! ድረስበት!" አልኩ። ቢላውን ሰጠሁት፣ ቀበቶው ውስጥ ሻጠው። "አንተ ሂድ፣ እኔ እዚሁ ልቅር።"

"ካላዩ አይበሉማ!" አለኝ። "ይግቡ!"

ግትርነት እንደ ጉንፋን ይተላለፋል መሰለኝ። ገባሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ስንቱን ቅዱስ እንደጠራሁ አላስታውስም። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ የጋሪው ጎማ የዛፍ ሥር ላይ ወጣ። ጋሪው ከብስክሌቱ ተላቀቀ፤ እኔ ከጋሪው ተላቀቅኩ። ቁጥቋጦ ውስጥ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። አየር ከደረቴ ወጣና አልመለስ አለ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። እኔ ወርቄ፣ አንደበት አጣሁ!

በቅጠሉ መሃል ግን አያለሁ። ዳዊት አልሰማም፤ ብስክሌቱ ቀለል ሲለው እየበረረ ወርዷል። አጋዘኑ ከፊቱ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ ራሱን ቀና ያደርጋል። ዳዊት ወረደ፣ ቢላውን መዘዘ፣ ደረሰበት። በቃ፣ በእጁ ገባ። ዓመት ሙሉ የጠበቃት ነገር ናት። ያኔ "ይመልከቱ" ሊለኝ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ዞረ። ጋሪው ተገልብጧል፣ እኔ የለሁም።

በልቤ "እረደው!" እላለሁ። ድምፅ ግን የለኝም።

ቢላውን ጣለው። ዳገቱን በሩጫ ተመለሰ። "እማዬ! እማዬ!" እያለ ነው የሚሮጠው። እትዬ ወርቄ የለ፣ ምን የለ። ቁጥቋጦውን በእጁ እየሰነጠቀ ገባ፣ እጁ በእሾህ ደማ። ፊቴ ላይ ያለውን ቅጠል አነሳ።

ትንፋሼ መለስ ሲል መጀመሪያ ያልኩት "አጋዘኑስ?" ነው።

"ይሙት!" አለ። ጮኸብኝ። "አጋዘኑ ይሙት! እግርዎ ይንቀሳቀሳል ወይ?"

አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አብጧል። በአንገት ልብሱ አሰረልኝ። እስኪያስር ድረስ አጋዘኑ ራሱን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ነፍሱ ወጥታለች።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አለ። "ለባልደረባዬ ኮል አደርግለታለሁ፣ መጥቶ ይወስደዋል። እርስዎ አይበሉትም።" በቅሬታ አይደለም ያለው። እንዲሁ፣ እንደሆነ ነገር።

"ጫነው" አልኩት።

"ምን?"

"ጫነው አልኩህ። ጋሪው ላይ ከጎኔ ቦታ አለ።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሄዶ የአጋዘኑን ሆድ ዕቃ አጸዳ፤ ጋሪውን አቃንቶ ብስክሌቱ ላይ ቀጠለና ጫነው። ተመለስን እንግዲህ። እኔና አጋዘኑ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን፣ ቀንዱን እንደ መደገፊያ ይዤው፤ ሞተሩ ይጎትታል፣ ዳዊት በእግሩ እየሄደ መሪውን ይገፋል። አውራ ጎዳና ላይ ብንሆን ኖሮ ፖሊስ ያስቆመን ነበር። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ ሲያወራኝ መጣ። ስለ ባትሪ ነው ያወራኝ። ዳገትና ብርድ ባትሪውን እንዴት እንደሚጨርሰው። አንዱም አልገባኝም፤ ግን አዳመጥኩት።

ሐኪሙ ወለምታ ነው አለ። በማግስቱ ሰናይት ስጋውን ጠበሰችው። ሁሉም እኔን ያያል። እጄን ታጠብኩና ቀድሜ ጎረስኩ። ዳዊት አፌን ነበር የሚያየው።

"ጨው አንሶታል" አልኩ።

ሳቀ። በጥርሱ።

አሁን ሳስበው አልጸጸትም። እግሬ ይወጋኛል፣ እሱም የራሱ ጉዳይ። ዳዊት ከዚያ ወዲህ "እማዬ" ነው የሚለኝ፤ ብስክሌቱን ቻርጅ ሲያደርግም አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያወራኛል። አንዳንዴ እንዲያውም ያበዛዋል፤ ይሄን ጻፊው፣ ሰናይት። ጋሪው ላይ ድጋሚ ውጪ ብባል ግን አልወጣም። ወይም ብርድ ልብሱን ሁለት ካደረገው አስብበታለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ጥብሱን በበላን ማግስት፣ ከበላያችን ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ደብሪቱ እግሬን ልትጠይቅ መጣች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፦

"ነፍሱ ሳትወጣ ደረሰ?" አለች።

"ሳይተኩስ በፊት በስመ አብ ብዬበታለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

"ደርሶ ነበር፤ እኔን ብሎ ሳያርደው ተመለሰ።"

"እና በላሽ?"

"በላሁ።"

ከት ብላ ሳቀች። "ሂጂ ወዲያ! አምናም በክት፣ ዘንድሮም በክት። አንቺን አምና ያስጠላሽ ስጋው አልነበረም፤ ያመጣው ልጅ ነበር።"