ፈልግና ተካ

ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም፤ ዛሬም አልችልበትም። ዊንዶውስ ዘጠና አምስት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አትላስ አካባቢ ባለች ጠባብ ቢሮ ፕሮግራመር ሆኜ ስሠራ፣ ማውስ መያዝ ያንገበግበኝ ነበር። እጄ ከኪቦርዱ ተነስቶ ቀስቱን ሜኑው ላይ እስኪያደርስ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ስለዚህ አቋራጮቹን በቃሌ ያዝኩ። ኮንትሮልና ኤች መፈለጊያና መተኪያውን ይከፍታል፤ ኦልትና ኤ ደግሞ ሁሉንም ባንዴ ይተካል።

ይህችን የመጨረሻዋን ግን አለቃችን ከልክለውናል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የአንድ ፋብሪካ ፕሮግራም ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ እኛ ሲያዞር፣ ጳጉሜን ለማስገባት ብሎ 12ን በሙሉ በ13 ተካው። ወሩ አስራ ሦስት ሆነ፤ ችግሩ የዘበኞቹ ፈረቃ መለወጫም ከአስራ ሁለት ሰዓት አብሮ አስራ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ በዓይን እየታየ ነው የሚተካው።

ታላቅ እህቴ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ቤሩት የምትሄድበት ቀን ደረሰ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳልሰናበታት እንዳትሄድ ፈራሁ፤ አለቃዬ ግን እኔም እንደዚያ ልጅ ወደ እኛ አቆጣጠር የማዞረውን ፕሮግራም የሚረከብ ደንበኛ እየጠበቁ ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ አሁን ልሂድ።"

"ጨርሰሽ ሂጂ። ደግሞ ተጠንቀቂ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ተቀመጥኩ። ኦልትና ኤፍ ቀጣዩን 12 ያመጣልኛል። ወር ከሆነ በኦልትና አር እተካዋለሁ፤ ሰዓት ከሆነ አልፈዋለሁ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ይደበድባል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይርገበገባል፤ ሰዓቷ እንዳልደረሰ እያወቅኩም እሷ ናት እላለሁ። ጣቴ ብዙ ጊዜ ኤ ላይ አርፎ ተመለሰ።

እንደጨረስኩ ወንበሬን እንኳ ሳልመልስ ወጣሁ። ላዳ ኮንትራት ያዝኩ፤ ሹፌሩን እስከ ቦሌ ድረስ ነዘነዝኩት።

እህቴ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆማለች። ጊዜ ተርፎን ነበር። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ግን ፓስፖርቷን አየሁ፣ የሻንጣዋን ዚፕ ሞከርኩ፣ ተነሳሁ፣ ሰዓት ጠየቅኩ፣ ፓስፖርቷን እንደገና አየሁ።

እጇን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረገች።

"አንቺዬ፣ የምሄደው እኔ ነኝ" አለችኝ። "አንቺ የት ልትደርሺ ነው?"

አፈርኩ። ዝም ብዬ ተቀመጥኩና ፊቷን አየሁት፤ ከስታለች። ያን ቀን ፊቷን ልብ ብዬ ያየሁት ገና ያኔ ነበር። ወዲያው ተጓዦች ግቡ ተባለ።