ሴንሴይን ያልገፋ ሰው

ገረመው ወደ ጃፓኖች ማርሻል አርት የገባው በይሉኝታ ነው። ሌላው ሰው ፊልም አይቶ ይገባል፣ ተደብድቦ ይገባል፣ ወገቡን አሞት ይገባል። እሱ ግን «ልጄ ካሁን በኋላ አትመጣም» ማለት አቅቶት ገባ። ፌበን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ ትምህርት ላይ አስመዝግቧት ነበር። ልጅቷ ወር ሳይሞላት «ቦሪንግ ነው» ብላ ተወችው። አስተማሪዋ ሴንሴይ ሀማዳ ግን ነጩን የልምምድ ልብስ በልኳ አሰፍተው፣ ስሟን በወጉ ለመጥራት ተለማምደው ነበር። እንዲህ ያደረገ ሰው ፊት ቆሞ «ተወችው» ይባላል? ገረመው ሄደና «ፈተና ደርሶባታል፤ እስክትመለስ እኔ ልምጣ» አለ። ፌበን ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፣ አግብታለች፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። አባቷ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ቦታ ይሄድ ነበር።

ሰውየውን የሚያውቅ በዚህ አይደነቅም። ኖርዝ ዮርክ ውስጥ የአንድ ትልቅ ፎቅ ሱፐር፣ የሕንፃው ጠባቂና ጠጋኝ ነው። ቧንቧ የፈነዳበት፣ ቁልፍ የጠፋበት፣ ከጎረቤቱ የተኳረፈ ሁሉ የእሱን በር ነው የሚያንኳኳው። በወጣትነቱ በሱዳን በኩል አድርጎ ነው የመጣው፤ ሚስቱ አጸደ «እምቢ የምትለዋን ቃል ካርቱም ረስቷት መጥቶ ነው» እያለች ትቀልድበታለች። በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ ቢጠራ ሁለቱም ዘንድ ይገኛል። ያልጣመውን ወጥ ሲያመሰግን ይጨመርለታል፣ የተጨመረለትንም ይበላል። እንዲህ ያለ ሰው ጠላት የለውም፤ ገረመውም አልነበረውም።

ሴንሴይ ሀማዳ ደግሞ ቶሮንቶ ተወልደው ያደጉ፣ በወጣትነታቸው ጃፓን ሄደው ዓመታት ተምረው የተመለሱ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ሴት ናቸው። ቁመታቸው ከገረመው ደረት አያልፍም። የሚያስተምሩት ጥበብ አይኪ ይባላል። መምታት የለው፣ መራገጥ የለው፤ ከአዲስ ገቢዎች ግማሹ በሁለተኛው ሳምንት የሚቀረው ለዚህ ነው። አብዛኛው ትምህርት ቆሞ መዋል ነው። «ቁሙ» ይላሉ። «አንዱ ኃይል ከአናታችሁ ወደ ላይ ይሂድ፣ ሌላው ከወገባችሁ ወደ ታች ይውረድ። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ። ይጓተቱ፤ ግን ማንም ማንንም አያሸንፍ።» እነዚህ ተቃራኒዎች እኩል ከሆኑ ከውጭ የመጣ ግፊት የሚይዘው ያጣል፤ አንዱ ከሰነፈ ግን ሕፃን ልጅም ይጥልሃል። ይህ ነገር ለገረመው የገባው በከበሮ ነው። የከበሮ ቆዳ ዙሪያውን ሲወጠር ነው የሚጮኸው፤ በአንድ በኩል ከላላ አለቀለት።

በወሬ ብቻም አልነበረም የሚያስተምሩት። ቅዳሜ ትምህርቱ ሲያልቅ አረንጓዴው ምንጣፍ መሀል ይቆማሉ፤ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ባላቸው ኃይል ሁሉ ይገፏቸዋል። መጀመሪያ ተራው የደረሰው ቀን ገረመውን ላብ አጠመቀው። እናቱን የሚያህሉ ሴት! እጁን አስነክቶ ቆመ። «ግፋ» አሉት። ትንሽ ገፋ። «ይሄ መግፋት ነው ወይስ ሰላምታ?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። አፍሮም ተናዶም የምሩን ገፋ። ፎቁን የገፋ ያህል ነበር። የገዛ ኃይሉ ዞሮ በተረከዙ ሲመለስበት ተሰማውና ተንገዳግዶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። የሴትዮዋ ፀጉር እንኳ አልተነቃነቀም። ጥበቡን ከልቡ የወደደው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፌበንን ሰበብ ማድረጉን ተወ።

«እኔን የምትረዱኝ ስትገፉኝ ነው» ይሉ ነበር ሴንሴይ። «ካልተገፋሁ የቱ ጋ እንደላላሁ በምን አውቃለሁ?»

በገረመው ገላ ግን ነገሩ አልሆን አለ። ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲስቡት ይመጣል። አንድ ቀን ሴንሴይ በሁለት ጣት ብቻ ምንጣፉን ዳር እስከ ዳር ካስኬዱት በኋላ «አንተ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው ያለው» አሉት። «እሱም መሸሽ ነው። ተቃራኒው የለህም። ሁለት ካልሆኑ ደግሞ ኃይል አይፈጠርም።» ገረመውም «እሺ ሴንሴይ» አለ። እሺ ማለት እሱን መቼ ቸግሮት ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ ሴንሴይ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ላይ በሳንባ ምች ታመው የብርዱን ወራት በሙሉ ተኝተው ከረሙ። በረዶው ሲቀልጥ ከስተው፣ ትከሻቸው ጠቦ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸውም መጨረሻ ላይ መሀል ቆሙ። ከሁሉም ነባሩ ገረመው ስለሆነ መጀመሪያ የሚገፋው እሱ ነው። ገፋ። ወዲያው ከጀርባቸው በኩል አንድ ነገር ላላ፤ ገላቸው ከእጁ ስር ሲሸሽ ተሰማው። ትንሽ ቢጨምርበት ይወድቁ ነበር። ምን ላድርግ ብሎ አላሰበም። እጁን ቶሎ አላላና ራሱን ወደ ኋላ ወረወረ፤ እንደዚያኛው ዘመን መሬት ላይ ዘፍ አለ። የሴንሴይ ፊት በራ። «ጠፍቶብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ» አሉ።

እስኪ ከዚህ ወዲያ ማን ደፍሮ እውነቱን ይናገራል?

በሚቀጥለው ቅዳሜም ወደቀ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ቀስ በቀስ አወዳደቁን እያሳመረው ሄደ፤ አንዳንዴማ ተንከባሎ ይነሳል። ሌሎቹ ተማሪዎች ነባሩን አይተው እንደ እሱ አደረጉ፤ አዲሶቹ ደግሞ መግፋት ማለት እንዲህ ነው ብለው ተማሩት። ነገሩ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ከሴትዮዋ በቀር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም፣ ሲያልቅም ሁሉም ተሳስሞ ይለያያል።

ለአጸደ ነግሯት ነበር። «ታዲያ ምን ልታደርግ ኖሯል? አሮጊት ገፍትረህ ፖሊስ ኮል ይደረግብህ?» አለችው። ፌበን ለእሁድ ምሳ መጥታ ይህን ሰማች።

«ዳድ፣ ግን እሷ እኮ አምናችሁ ነው የምትቆመው» አለች። «ሪል ፊድባክ ካልሰጣችኋት፣ ሃው ኢዝ ሺ ሰፖዝድ ቱ ኖው? በምን ታውቃለች?»

«አንቺ አይገባሽም» አላት። በልቡ እዚህ አገር የተወለደ ልጅ አክብሮት ከየት ያውቃል ብሎ ነበር። ይህ ሐሳቡ በኋላ በየአውቶቡሱ፣ በየአሳንሰሩ እየመጣ ያቃጥለዋል።

ባለፈው መስከረም ሴንሴይ ሌሎቹ ሲወጡ እሱን አስቀሩት። በጥቅምት የትምህርት ቤታቸው የምሥረታ በዓል ነው፤ ከሌሎች ከተሞች እንግዶች ይመጣሉ። በቀደሙት ዓመታት በዚህ በዓል የፈለገ እንግዳ ሁሉ ተነስቶ ይገፋቸው ነበር፤ ከታመሙ ወዲህ ግን በዓሉ ተደርጎ አያውቅም። ገረመው አግዳሚው ወንበር ላይ ጫማውን ሲያስር መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ከሁሉም የማምነው አንተን ነው። ኃይሉ አሁንም አለ? ከሌለ ንገረኝ። በበዓሉ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ምንም አያሳፍረኝም።»

ከዚህ የበለጠ በር አይከፈትም። ሴትዮዋ ራሳቸው ከፍተው፣ ግባ ብለው፣ ይዘውለት ቆመዋል። ገረመው የጫማውን ክር አጥብቆ ቋጠረ። ደረቱ ውስጥ እውነቱ ነበረች፤ እሷን የሚገፋ ግን አጣ።

«እንደ ድሮው ነዎት ሴንሴይ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንዴታ! እንዲያውም ባለፈው ቅዳሜ ስወድቅ ወገቤን አሞኛል።»

ሴንሴይ ሳቁና ክንዱን ቸብ ቸብ አደረጉት።

በበዓሉ ቀን ምድር ቤቱ ሞላ። አጸደም አበባ ይዛ መጥታ ነበር። ከኦታዋ የመጣ አንድ ወጣት ተነስቶ እጅ ነሳ። ትሑት ልጅ ነው። እጁን ትከሻቸው ላይ አኖረና እንደተማረው የምሩን ገፋ። በልጁ ላይ ጥፋት የለም፤ መግፋት እንዲያ ነው፣ ሴንሴይም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት እንዲያ ነው። ገረመው ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ልጁ ክርኑን ሲያቀና አየ። «ተው!» የምትል ቃል አፉ ድረስ መጣች፤ እሷንም ዋጣት። ሴንሴይ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ምንጣፉ አልቆ ሲሚንቶው ላይ በጎናቸው ወደቁ። የዳሌ አጥንት ሲሰበር ድምፅ አለው፤ ያን ቀን እዚያ የነበረ ሁሉ አሁን ያውቀዋል። ሰው ሲጯጯህ እሳቸው ከወደቁበት ሆነው በዓይናቸው ገረመውን ፈለጉ። «ምን ሆነ?» አሉት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሱን ነው የጠየቁት።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሊጠይቃቸው አልሄደም። አበባ በሰው ላከ፣ ካርድ በሰው ላከ። ቅዳሜ ሲመጣ የፎቁን ደረጃ ያጥብ ነበር፤ ንጹሑን ደረጃ። አጸደ አይታ አይታ ሲመራት «ሂድና ንገራቸው» አለችው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉሃ! ጭራሽ ያልጮኸው ይሻላል?»

በኅዳር መጨረሻ ሄደ። ሴንሴይ ስብራታቸው ተጠግኖ መራመድ ወደሚለማመዱበት ሆስፒታል ተዛውረው ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ወንበር ሳይስብ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሁሉንም አፈሰሰው። ከሕመማቸው ወዲህ ጀርባቸው መላላቱን እንደሚያውቅ፣ ሁሉም እየወደቀላቸው እንደነበር፣ መጀመሪያ የወደቀውም እሱ መሆኑን።

ሴንሴይ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ወደ እሱ አዞሩ። «ለምን?» አሉት።

«ስለማከብርዎት።»

«ስለምታከብረኝ» አሉና ቃሏን እንደ አዲስ ነገር አገላበጧት። «እኔ በየማለዳው ተነስቼ ብቻዬን እለማመድ ነበር። ጀርባዬን አልነካሁትም፤ ልክ ነው ብዬ ነዋ፣ አንተ ወድቀህ ስላየሁ። ደህና የሆነውን ሳስተካክል ነው የከረምኩት። ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ጊዜ ነበረኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «መገፋት ብቻህን የምታደርገው ነገር አይደለም ገረመው። እኔ እዚያ መሀል ቆሜ አብረኸኝ ያለህ መስሎኝ ነበር።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። በሱዳን በረሃ ሲመጣ እንኳ እንዲህ ያለ ብቸኝነት አልተሰማውም፤ ያውም የራሱ ሳይሆን እሱ በሌላ ሰው ላይ ያመጣው።

ሴንሴይ ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉለት። «ግፋ» አሉ።

መዳፉን ገጥሞ ገፋ። ቀጭኑ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክርኑ በራሱ ጊዜ ላላ። ሊያታልል አላሰበም፤ ገላው የለመደውን አደረገ። ሴንሴይ እጃቸውን ሳይመልሱ አዩት።

«ዛሬም?» አሉ።

ዕንባው መጣ። እንደገና ገፋ፣ አሁን የምሩን፤ ክንዳቸው ታጠፈና እጃቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። አልደነገጡም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ውስጣቸውን ይዳስሱ ጀመር። «ይሄውና፣ ከትከሻዬ ስር ነው» አሉ ለራሳቸው። «ድገም።» ደገመ፤ ታጠፈ። «ድገም።» ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትገባ በግራ እጃቸው ቆይ አሏት። ገረመው እያለቀሰ ይገፋል፣ እሳቸው እየታጠፉ ይፈልጋሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ነገር እጁ ስር መጣ። ትንሽ ነው። ከክንዳቸው ጀርባ፣ ከወንበሩ፣ ከወለሉ የተነሳ ይመስላል። አልገፋውም፣ አልሸሸውምም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመና ጠፋ።

ሴንሴይ ዓይናቸውን ገለጡ። ደስ ብሏቸው ነበር፣ ሕፃን ልጅ ደስ እንደሚለው፤ ገረመውን የገደለውም ይኸው ደስታቸው ነው። ይህን ለማግኘት የፈጀባቸው የአንድ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ እሱ በሚያምር አወዳደቅ ሲንከባለል ይህ እዚያው እጁ ስር ነበር።

«አየህ» አሉት፣ መዳፋቸውን ሳይነጥቁ። «ያኔም ይመጣ ነበር።»