እድራችን የማያውቃቸው ሟች

"አባ ደመላሽ ዛሬ ማለዳ አረፉ" ብዬ የቀዳሁት ድምፅ የእድራችን ግሩፕ ላይ ገብቶላችኋል!

አባ ደመላሽ እኔ በምጽፈው ልቦለድ ውስጥ ዘንዶ የሚጋልቡ ሽማግሌ ናቸው። ቤት ልጆቹ ስለማያስጽፉኝ፣ እዚህ ቴክሳስ ከምኖርበት ከሮውሌት ፎርት ዎርዝ ወዳለው የመጋዘን ሥራዬ እየነዳሁ ድምፄን ቀድቼ ለራሴ እልካለሁ። ዛሬ ተሳሳትኩ።

ሥራ ገብቼ ለእረፍት ብሬክ ስወጣ ግሩፑ በ"ነፍስ ይማር" ተሞልቷል። (የምትጽፈውን ሁሉ አነባለሁ የምትለኝ ባለቤቴ ሳትቀር!)

ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ታዬ ደውዬ ሟቹ የልቦለድ ሰው መሆናቸውን ነገርኳቸው። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣

"ታዲያ ዘንዶውን አሁን ማን ያበላዋል?" አሉኝ።

ካርቶን እየደረደርኩ ይህንኑ ሳስብ ዋልኩ። እናንተስ ተሳስታችሁ ግሩፕ ላይ የላካችሁት ምን ጉድ አመጣ? ዘንዶውን የሚረከብ ካለም ይንገረኝ።